ስድስተኛው ቤት

ፎቶ አንሺው የሞተው ማክሰኞ ከጠዋቱ በሦስትና በአምስት ሰዓት መካከል ነው፤ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ካሜራው ማቆሚያ ብረት ተመትቶ። ሚስቱ ከምትሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ለምሳ ስትመለስ ወለሉ ላይ ተዘርሮ አገኘችው። ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ዝናቡ ገና አላባራም። ጎረቤቱ ሁሉ ጫማውን ሳይጠርግ ገብቶ ወለሉን አጨቅይቶታል። ሃያ ስምንት ዓመት በዚህ ሥራ ሲኖር ሰው ያልረገጠው የወንጀል ቦታ ደርሶት አያውቅም። ድሮ ይቆጣ ነበር፤ አሁን መቆጣቱም ሰልችቶታል።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳውን የሞላ መደርደሪያ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር የኮምፒዩተር ሣጥን የጎን መክደኛው ተነሥቶ፣ ሆድ ዕቃው ለአላፊ አግዳሚው ታይቶ ተቀምጧል። ሟቹ ስቱዲዮው ከተዘጋ በኋላ ዕቃውን አንድ በአንድ እየለቀመ በእጁ የገጣጠመው ነው። የሰፈሩ ሰው የሠርግ፣ የልደትና የምርቃት ፎቶ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ወላጁ የሞተበት ሰው እዚህ ቤት በር ላይ መጥቶ «አንድ ፎቶ አይጠፋህም» ይለው ነበር አሉ።

በሣጥኑ ፊት ለፊት ስድስት ክፍል ያለው የብረት መደርደሪያ አለ። በአምስቱ ውስጥ አምስት ሃርድ ዲስኮች እንደ ጡብ ተደርድረዋል። ስድስተኛው፣ የታችኛው፣ ባዶ ነው።

ኢንስፔክተሩ ስለ ኮምፒዩተር የሚያውቀው ሪፖርት እንደሚጻፍበት ብቻ ነው። አቧራ ግን ያውቃል። ሣጥኑ ውስጥ ጥግ ጥጉን ስስ አቧራ አለ፤ የባዶው ክፍል ወለል ግን ንጹሕ ነው። ከዚህ አንድ ነገር ተነሥቷል፣ ያውም ዛሬ። የክፍሉ አራት ብሎኖች ቀዳዳቸው ውስጥ ጠበቅ ብለው ገብተዋል። ካቻቪቴው ጠረጴዛው ላይ፣ ከጎኑ ደግሞ ሟቹ ብሎን የሚያጠራቅምበት የመስታወት ብልቃጥ አለ። ማስታወሻው ላይ «አንድ ሃርድ ዲስክ ተወስዷል፤ ብሎኖቹ በቦታቸው» ብሎ ጻፈና ወደ ሚስትየው ሄደ።

ጓዳ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እጇን ታያለች። አላለቀሰችም ገና።

«ጠላት ነበረው?»

«እሱ? ከዚያ ማሽን ጋር ሲያወራ ነው የሚውለው። ከማን ተጣልቶ?»

«ቤት ውስጥ ከእናንተ ሌላ ማን አለ?»

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ልጄ። የዳቦ መኪና ይነዳል።»

«የእሱም ልጅ ነው?»

«ሰባት ዓመቱ ላይ ይዤው መጣሁ» አለች። «ከእሱ ጋር ሌላ አልወለድንም።»

*

ጎረቤቷ አሮጊት ሳትጠየቅ የምትናገር ዓይነት ናት። በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ባለፈው ሳምንት ጩኸት ነበር» አለች። «ሟቹ ነፍሱን ይማረውና ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን 'ውጣልኝ! አሁን ከዚህ ውጣ!' ብሎ ሲጮህ በዚህ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

«ማንን ነው?»

«ያንን ልጅ ነዋ። ማንን ይሆናል?»

ከዚያ ደብተሩ ተገኘ። ሟቹ በየቀኑ የሠራውን የሚጽፍበት ተራ የተማሪ ደብተር ነው። አብዛኛው ስለ ገመድና ስለ ሙቀት ነው፤ ኢንስፔክተሩ ገጹን ሲገልጥ ዓይኑ ሊከደን ምንም አልቀረው። የመጨረሻው፣ የሰኞው፣ ግን እንዲህ ይላል፦

«ነገ እናትየውን ሳልነካ የእንጀራ ልጁን ከቤት አወጣዋለሁ። ይህን ጉድ ተሸክሞ ከእንግዲህ ከእኔ ጋር አያድርም።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ኢንስፔክተሩም የእንጀራ ልጅ ነበር። አሥራ አንድ ዓመቱ ላይ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ልብሶቹ በአሮጌ አንሶላ ተቋጥረው ደጅ፣ ዝናብ ላይ ጠበቁት። እናቱ በመስኮት ታየው ነበር፤ አልወጣችም። ስለዚህ ነገር ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ይህን መስመር ሲያነብ ግን ነገሩ ሁሉ አልቆ፣ ተቋጥሮ የተሰጠው መሰለው። አንዱ ሊያባርር፣ ሌላው አልባረርም ሲል፤ ከዚያ ብረት። ኮምፒዩተሩን አሽጎ ንብረት ክፍል አስገባው። ለቴክኒክ ባለሙያዎች ሊልከው አስቦ፣ ምን ያደርጋል ብሎ ተወው።

*

ልጁ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ዱቄት የነካው ሸሚዙን እንደለበሰ ነው ያመጡት።

«ማክሰኞ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ዳቦውን ሦስት ሰዓት ላይ አዳርሼ ጨረስኩና መኪናው ውስጥ ተኛሁ።»

«የት?»

«ከአሮጌው መጋዘን ጀርባ።»

«ማን አየህ?»

«ሰው የሚያየኝ ቦታ ብተኛማ አለቃዬ መቼ ያቆየኛል?»

ኢንስፔክተሩ አልሳቀም። «ባለፈው ሳምንት 'ከዚህ ውጣ' ብሎሃል።»

«ሲጋራ ይዤ ክፍሉ ገብቼ ነዋ! ጭስ ለማሽኖቹ መርዝ ነው ይላል። ጋሼ እኮ እነዚያን ዲስኮች ሲነካ እጁን እንደ ሐኪም የሚታጠብ ሰው ነው።»

«ጋሼ ነው የምትለው?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ። ለምን?»

«አባባ ብለኸው አታውቅም?»

ልጁ ትከሻውን ሰበቀ። «ልጄ አላለኝም፣ አባባ አላልኩትም። እንዲሁ ኖርን።»

ኢንስፔክተሩ ደብተሩን ገልጦ መስመሩን አነበበለት። ድምፁን ሳያነሣ፣ ቃል በቃል። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲነበብለት ወይ ይጮሃል ወይ ይክዳል፤ ይህ ልጅ ግን ጽሑፉን ለማየት ጎንበስ አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ቀስ እያለ ጠፋ።

«እናትየው ማለት... እናቴ ናት?»

«ሌላ እናት አለች እንዴ እዚያ ቤት?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት» አለ ልጁ ለራሱ። «ለካ አንድ ቀንም አልለመደኝም።»

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣውም። ኢንስፔክተሩ ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠረው።

*

ለሥራው ሥርዓት ሲባል ብቻ የሟቹን ስልክ አስመረመረ። የሰኞ የመጨረሻ ጥሪ ስድስት ደቂቃ የፈጀ ነው፤ የተደወለውም ዋናው መንገድ ላይ ወዳለው ኮምፒዩተር ጠጋኝ። ሰፈሩ «ዶክተር» ነው የሚለው። ሱቁ ንጹሕ፣ ሰውየውም ከአፉ ማር የሚንጠባጠብ፤ ወንበር አቀረበ፣ በእጁ ጠረገለት።

«ገመድ ፈልጎ ነው የደወለው። ስድስት ሃርድ ዲስክ አንድ ላይ ሲሠራ የኃይል ገመዱ አይበቃም። አሳዘነኝ፣ እውነቴን ነው። እንደሱ ያለ ጥንቁቅ ሰው አላየሁም።»

«ማሽኑን አንተ ነህ የምትጠግንለት?»

ጠጋኙ ሳቀ። «እኔ? አንዲት ቀን እንኳ እጄን አስነክቶኝ አያውቅም! ሄጄ ብቀመጥ እንኳ መክደኛውን ከፍቶት አያውቅም፤ ዓይን ይበላዋል ብሎ የሚፈራ ነው የሚመስለው።»

«ማክሰኞ ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። የአንድ ደንበኛ ኮምፒዩተር ላይ ዊንዶውስ ስጭን ነበር። ከሁለት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ስክሪን ላይ አፍጥጬ። በሬ ክፍት ነበር፤ መንገደኛ ሁሉ ያየኛል።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ ማሽን እናንተ ጋ ነው? ከፈለጋችሁ አምጡት፣ እኔ አይላችኋለሁ። ለሰፈሬ ሰው ነው፤ በነፃ።»

ኢንስፔክተሩ አመስግኖ ወጣ። ደግ ሰው ነው ብሎ አሰበ፤ በኋላ ይህን ባስታወሰ ቁጥር ፊቱ ይቀላ ነበር።

*

ቀብሩ ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ልጁ በሁለት ፖሊስ ታጅቦ እንዲገኝ ኢንስፔክተሩ ራሱ አስፈቀደ። ይህን ያህል እንኳ ይገባዋል ብሎ ነበር። ልጁ ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም።

እናትየው በማረፊያ ቤቱ የብረት መስኮት በኩል ቆማ ለመነችው። ጥቁር ለብሳለች፤ አሁን ዓይኗ አብጧል።

«ተነሥ በሞቴ። ሰው ምን ይላል? አሳድጎሃል እኮ።»

«ከቤት ሊያወጣኝ የነበረን ሰው አልሸኝም።»

«ማን ነው እንደዚያ ያለህ?»

ልጁ በአገጩ ኢንስፔክተሩን አመለከተ። «በእጁ ጽፎት ሄዷል። ጠይቂያቸው፣ ያነቡልሻል።»

ሴትየዋ ዞር ብላ አየችው። «ባሌን ገደሉብኝ» አለችው፣ በቀስታ። «እርስዎ ደግሞ ልጄን እየገደሉት ነው። ባሌ ሰው ከቤት አያወጣም። ያ ሰው እኮ የሰው የተጣለ ዕቃ እንኳ ለቅሞ የሚያመጣ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ልጁን ትቶ ወደ ቀብሩ ሄደ። ከቀብር ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ንብረት ክፍል ወረደና ኮምፒዩተሩ እንዲመረመር ፈረመ። ይህን ማክሰኞ ማድረግ ነበረበት።

*

የቴክኒክ ባለሙያዋ ቀጭን፣ ነገረ ሥራዋ ፈጣን የሆነ ወጣት ሴት ናት። ቅዳሜ ጠዋት ጠራችው።

«ይህን የገጣጠመ ሰው እጁ ይባረክ» አለች። «ገመዶቹን አዩአቸው? እያንዳንዱ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ተጽፎበታል። ዲስኮቹ እንዳይንቀጠቀጡ በየብሎኑ ሥር ጎማ አስገብቷል። እስቲ አንዱን ላውጣ፣ ይያዙልኝ።»

አራት ብሎን ፈትታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ሁለቱን እንደያዘ ሁለቱ አመለጡትና ጠረጴዛው ሥር ተንከባለሉ። ተንበርክኮ ሲፈልግ ሳቀችበት።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ዲስኩ ሲወጣ ብሎኑ ወዲያው ወደ ቀዳዳው ይመለሳል፤ እንዳይጠፋ። እጄ ላይ ያለ ልማድ ነው፤ ዛሬ እርስዎን አምኜ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ አለ። «ምን አልሽ?»

«ብሎኑን ባዶ ቀዳዳ ላይ መልሶ ማሠር። ጠጋኝ የሆነ ሁሉ ሳያስበው ያደርገዋል። በቀን አሥር ማሽን የሚፈታ ሰው ብሎን መሬት ላይ አይጥልም።»

«በቤቱ ለራሱ የሚሠራ ሰውስ?»

«እሱማ በዕቃ ያስቀምጠዋል። ይህ ሰው ምን ነበረው?»

ብልቃጥ ነበረው። ጠረጴዛው ላይ፣ ካቻቪቴው ጎን፣ ክዳኑ ተከፍቶ። ሰው ገድሎ፣ አስከሬን እግሩ ሥር ተዘርግቶ፣ አራት ብሎን አንድ በአንድ ወደ ቀዳዳቸው የሚመልስ እጅ የዳቦ መኪና ሹፌር እጅ አይደለም። ኢንስፔክተሩ ማስታወሻውን ገለጠ። ማስታወሻው ላይ ራሱ ጽፎታል እኮ፦ ብሎኖቹ በቦታቸው።

«ሌላም አለ» አለች ባለሙያዋ። «ይህ ሰው ቀልደኛ ነበር። ለእያንዳንዱ ዲስክ ስም አውጥቶላቸዋል። ይኸው መዝገባቸው።»

ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ ከፈተች። ርዕሱ «የቤተሰብ መዝገብ» ይላል። ኢንስፔክተሩ መነጽሩን አደረገ።

«አንደኛ ቤት፣ እናት። ማስነሻው እሷ ላይ ነው፤ እሷ ካልነቃች ማንም አይነቃም።

ሁለተኛ ቤት፣ በኩር።

ሦስተኛና አራተኛ ቤት፣ መንትዮቹ። አንዱ የያዘውን ሌላውም ይይዛል። ወደዚህ ማሽን የገባ ሁሉ እነሱ ላይ ይገለበጣል።

አምስተኛ ቤት፣ ታናሽ።

ስድስተኛ ቤት፣ የእንጀራ ልጅ። ያገለገለ፣ ከዋናው መንገድ ጠጋኝ የተገዛ። ባዶ ነው ብሎኝ ነበር፤ ባዶ አይደለም።»

ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እናትየውን ሳልነካ የእንጀራ ልጁን ከቤት አወጣዋለሁ። ጆሮው ውስጥ የራሱ ድምፅ ያነበበው ነበር፤ ያ ልጅ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ።

«ጋሼ፣ አመመዎት?»

«መንትዮቹን ክፈቺልኝ» አለ።

*

የእንጀራ ልጁ ላይ የነበረው ሁሉ መንትዮቹ ላይ ተገልብጦ ነበር። ጠጋኙ ሊጠገኑ ከሚመጡ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ለዓመታት የሰረቀው የሴቶች ፎቶ ነው፤ ለሰው ዓይን ያልተነሡ ፎቶዎች። ከየፎቶው ጋር ለባለቤቶቹ የላከው ዛቻ አለ። ኢንስፔክተሩ ከመካከላቸው ባለፈው ዓመት ሥራዋን ጥላ ከሰፈሩ የጠፋችውን የትምህርት ቤቱን መምህርት ዐወቃት። ሰርዞት ነበር፣ ጠጋኙ፤ የተሰረዘ ግን በሚያውቅ እጅ ይመለሳል፤ ፎቶ አንሺውም መልሶታል። ጠጋኙ አሮጌውን ዲስክ ከሚሸጡት ጋር አደባልቆ ለማን እንደሸጠው የገባው ፎቶ አንሺው ሲደውልለት ነው።

ያ ጥሪ ለገመድ አልነበረም። ሟቹ ደብተሩ ላይ የማያሰፍረውን ኮምፒዩተሩ ላይ ጽፎታል፦ «ደወልኩለት። ነገ ዲስኩን ለፖሊስ እሰጣለሁ፤ ከዚያ በፊት መጥተህ ራስህ አብረኸኝ ሂድ አልኩት። እሺ ብሏል። ሰው ነው፣ ልቦና ይሰጠዋል።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ዋናው መንገድ ሄደ። መጀመሪያ የገባው ግን ከጠጋኙ ቀጥሎ ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው።

«ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤትህ ሱቁ ነበር?»

«በሩ ክፍት ነበር። እሱን ግን ልብ አላልኩም።»

«ኮምፒዩተር ሲሠራ ነበር ይላል።»

ልብስ ሰፊው መርፌውን ከአፉ አወጣ። «በምን? መብራት አልነበረም እኮ! ለአንድ ሰው ሱፉን በአምስት ሰዓት አደርሳለሁ ብዬ፣ ካውያው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ከሰውየው ጋር ልንደባደብ ነበር። መብራት የመጣው ስድስት ሰዓት ካለፈ ነው።»

ጠጋኙ እንደ ወትሮው ወንበር አቀረበ። ኢንስፔክተሩ አልተቀመጠም።

«ማሽኑን ነክቼው አላውቅም ብለኸኛል።»

«አዎ፣ በፍጹም።»

«ተከፍቶም አላየሁትም ብለሃል።»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ባለሙያችን ከስድስተኛው ቤት ውስጠኛ ብረት ላይ ያነሣችው የአውራ ጣት አሻራ የማን እንደሆነ አብረን እንይ። የካሜራውን ማቆሚያ ጠርገሃል፣ ጠረጴዛውን ጠርገሃል። ዲስኩን ስትስብ የደገፍክበትን ግን ረሳኸው።»

ጠጋኙ ብዙ ነገር ተናገረ፤ ስለ ደንበኞቹ፣ ስለ ስሙ፣ ስለ ምቀኞች። ኢንስፔክተሩ የሚያየው እጆቹን ነበር። ሰውየው እየማለ እየተገዘተ፣ ፊቱ ካለው የተፈታ ማሽን አጠገብ የወደቀ ብሎን አንሥቶ ቀዳዳው ውስጥ ይከተው ነበር። ኢንስፔክተሩ ወዴት እንደሚያይ ሲያስተውል ሰውየውም የገዛ እጁን አየ። ካቻቪቴውን ቀስ ብሎ አኖረው።

*

ልጁን ለመፍታት ወረቀቱ ሰኞ ጠዋት ተፈረመ። ኢንስፔክተሩ ሌላ ሰው ልኮ ማስወጣት ይችል ነበር። ራሱ ሄደ።

«ነፃ ነህ» አለው። «ገዳዩ ጠጋኙ ነው።»

ልጁ የጫማውን ክር ማሠር ጀመረ። ደስታም ግርምትም አልታየበትም።

«ደግሞ ያነበብኩልህ...» አለ ኢንስፔክተሩ። «የእንጀራ ልጅ ያለው አንተን አይደለም። ሃርድ ዲስክ ነው። ከሰው የገዛውን ዲስክ ነው እንደዚያ የሚጠራው። እናትየው ያላትም ዲስክ ናት። ቤት የሚለው የሚገቡበትን ቦታ ነው። እኔ ነኝ አንተ ላይ የለጠፍኩት።»

ልጁ ክሩን እንደያዘ ቆመ።

«በኩር የሚለው ዲስክ ላይ ያለው አንተ ነህ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ከሌላ ሰው ጋር አልቀላቀለህም። ጥርስህ ሲወልቅ፣ ብስክሌት ስትነዳ፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣህ ዕለት፣ ባለፈው ወር መኪናው ውስጥ ተኝተህ እንኳ፤ ሁሉንም ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። የማኅደሩ ስም 'ልጄ' ይላል። ሌላ ምንም አይልም።»

ልጁ ክሩን ለቀቀው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ኢንስፔክተሩ ሊነካው እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

«ሬሳውን እነማን ተሸከሙት?» አለ ልጁ፣ ሳይዞር።

«ጎረቤቶች።»

«ከፊት በቀኝስ?»

ኢንስፔክተሩ ይህን አልጠበቀም። «ሰው ጎድሎ ነበር» አለ። «የልጁ ቦታ ነው ተብሎ ማንም አልገባበትም። ቆመው ጠበቁ። በኋላ እኔ ገባሁ።»

ልጁ ዞሮ አየው። የሚሰድበው መስሎት ኢንስፔክተሩ አንገቱን ደፋ።

«እንግዲያው መቃብሩን ያውቁታል» አለ ልጁ።

«አውቀዋለሁ።»

«ያሳዩኝ።»

አብረው ወጡ። ደጅ ዝናቡ እንደገና ጀምሯል፤ ሁለቱም ጃንጥላ አልያዙም።